ምዕራፍ 7፦ ዝናብ ሁለቴ የሚያልፍባት ከተማ

"አርባ ምንጭ መቼ ብሄድ ይሻለኛል?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው ነው። መልሱንም ራሱ ይዞት ይመጣል፤ "ክረምቱ ይውጣልኝና በመስከረም ማለቂያ" ይላል። በአዲስ አበባ ሒሳብ አልተሳሳተም። እዚያ መስቀል ሲደርስ ደመናው ይሳሳል፣ አደይ ይፈነዳል፣ ጃንጥላ ከበር ጀርባ ይሰቀላል። እኔም የመጀመሪያ ጉዞዬን በዚሁ ሒሳብ ነበር ያሰብሁት። የሸራ ጫማ አድርጌ፣ ጃንጥላዬን ቤት ትቼ ወረድሁ። በሦስተኛው ቀን ከጨንቻ ስንመለስ መኪናው ጭቃ ያዘው። ልገፋ ወርጄ አንዱን ጫማዬን ለጭቃው ትቼ ወጣሁ። ሹፌሩ ሳቁን እንደምንም ዋጥ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ ክረምት ወጥቷል ያለዎት ማን ነው? የኛ ዝናብ ገና አሁን መመለሱ እኮ ነው" አለኝ።

"መመለሱ" የምትለዋ ቃል ቤቴ ድረስ ተከተለችኝ። ዝናብ ይመጣል፣ ይሄዳል እንላለን እንጂ ይመለሳል አንልም። ይመለሳል ካልን ከዚህ በፊት በዚያው መንገድ ያለፈ ነገር አለ ማለት ነው። የዚህ ምዕራፍ ሥራ ያቺን አንዲት ቃል መፍታት ነው።

በምዕራፍ 2 ስምጥ ሸለቆው እንዴት እንደተሰነጠቀና ሐይቆቹ ከወለሉ ላይ እንዴት እንደተቀመጡ አይተናል። ባለፈው ምዕራፍ ደግሞ የአዲስ አበባን ክረምት ይዘን፣ ዝናብ ፀሐይን ተከትሎ እንደሚጓዝ ተነጋግረናል። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አድርገን ወደ ጋሞ እንውረድ።

ጥላ የሚጠፋበት ቀን

አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ርቃ ትገኛለች። የቀትር ፀሐይ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ቦታ አትቆምም። ሰኔ 14 አካባቢ ወደ ሰሜን እስከምትችለው ጥግ ድረስ ሄዳ ትመለሳለች፤ ታኅሣሥ 12 አካባቢ ደግሞ የደቡቡን ጥግ ነክታ ትመለሳለች። በዚህ ምልልስ መካከል ስትወጣ አንድ ጊዜ፣ ስትወርድ አንድ ጊዜ በአርባ ምንጭ ሰው አናት ላይ ታልፋለች። ቀኖቹ መጋቢት 27 እና ጳጉሜን 2 ገደማ ናቸው።

በእነዚያ ቀኖች ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ በከተማዋ ሲቀላ አደባባይ ብትቆሙ ጥላችሁ እግራችሁ ሥር ይገባል። ልክ 6 ሰዓት ላይ ያልሆነው የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው በሶማሌ ክልል በሚያልፍ መስመር ስለሆነ ነው፤ ፀሐይ ከዚያ ተነሥታ አርባ ምንጭ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። በነገራችን ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን የወቅት ቆጠራ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ከአርባ ምንጭ የመጀመሪያው ጥላ አልባ ቀን ጋር የአንድ ቀን ልዩነት ብቻ አላቸው። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ቆጠራው ለጋሞ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ቢሆንም ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ምን ይፈጠራል? መሬቱ ይግላል፤ የጋለው መሬት በላዩ ያለውን አየር ያሞቀዋል፤ የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል። የለቀቀውን ቦታ ለመሙላት ከሰሜንም ከደቡብም ሌላ አየር ይጎርፋል። ከባሕር ላይ የመጣው፣ ለኛ በተለይ ከሕንድ ውቅያኖስ የተነሣው፣ እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል። እሱም በተራው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱ በድስት ክዳን ላይ እንደሚያቸፈችፈው ጠብ ጠብ ይላል። ይህ የሚሆነው በአንድ ከተማ ላይ ብቻ አይደለም። ምድርን በወገቧ ዙሪያ የሚዞር አንድ ረጅም የደመና ቀበቶ አለ። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ረጅም ስም ሰጥተውታል፤ እኛ ግን በዚህ መጽሐፍ "የዝናብ መቀነት" እያልን እንቀጥላለን።

መቀነቱ ፀሐይን ይከተላል፤ ግን እግር በእግር አይደለም። እንጀራ ጋግራችሁ የምታውቁ ይህን ለማስረዳት አታስቸግሩኝም። እሳቱ እንደተያያዘ ምጣዱ አይሰማም፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ምጣዱ ጥቂት ይጋግራል። መሬትና ባሕርም እንዲሁ ዘግይተው ይሞቃሉ፣ ዘግይተው ይቀዘቅዛሉ። ስለዚህ ፀሐይ መጋቢት ማለቂያ ላይ ብታልፍም ዋናው ዝናብ የሚወርደው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ጳጉሜን ላይ ስትመለስም ሁለተኛው ዝናብ መስከረምና ጥቅምትን ይይዛል።

የሸማኔው መወርወሪያ

አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቆመኝ አይፈረድበትም። አዲስ አበባም እኮ ከአርባ ምንጭ ብዙ አትርቅም፤ 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ እሷንም ሁለት ጊዜ ታልፋታለች። ታዲያ ለምን እዚያ አንድ ትልቅ ክረምት፣ እዚህ ሁለት ዝናብ ሆነ?

መልሱን ለማየት ዶርዜ መንደር ገብተን ከአንድ ሸማኔ አጠገብ እንቀመጥ። ሸማኔው ድሩን ወጥሯል። ማጉን የያዘው መወርወሪያ ከቀኝ እጁ ተወርውሮ በድሩ መካከል ያልፍና በግራ እጁ ይያዛል፤ ከዚያ ተመልሶ ይወረወራል። አሁን አንድ ጉንዳን ድሩ መሐል ላይ ተቀምጣለች እንበል። መወርወሪያው ሲሄድ ያልፋታል፤ ትንሽ ቆይቶ ሲመለስ ያልፋታል። በሁለቱ መካከል እፎይ የምትልበት ጊዜ አላት። ሌላዋ ጉንዳን ደግሞ የጨርቁ ጠርዝ አጠገብ ተቀምጣለች። እሷ ጋ መወርወሪያው ደረሰ ሲባል ወዲያው ዞሮ ይመለሳል። መሄዱንና መመለሱን አትለይም፤ ለእሷ አንድ ረጅም ማለፍ ነው።

መወርወሪያው የዝናብ መቀነት ነው። ጠርዙ አጠገብ ያለችው ጉንዳን ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ናት፤ መቀነቱ በሐምሌና በነሐሴ እነሱን አልፎ ብዙም ሳይርቅ ይዞራል፣ ሁለቱ ማለፎች ተደራርበው አንድ ክረምት ይሆናሉ። ወደ መሐል ጠጋ ያለችው ጉንዳን አርባ ምንጭ ናት። አዲስ አበባ ከሁለቱ መካከል ትውላለች፤ ለዚህም ነው ፊት የሚመጣ ትንሽ በልግ፣ ኋላ የሚከተል ትልቅ ክረምት ያላት። ወደ ደቡብ ወደ ቦረና ብትወርዱ ሁለቱ ዝናቦች ጭራሽ ተራርቀው፣ ሐምሌና ነሐሴ ጥርት ያሉ ደረቅ ወራት ሆነው ታገኟቸዋላችሁ።

አርባ ምንጭ ግን ትክክለኛው መሐል ላይ አይደለችም፤ ትንሽ ወደ ሰሜን አዘንብላለች። ስለዚህ ሁለቱ እፎይታዎቿ እኩል አይደሉም። ፀሐይ ከመጋቢት 27 እስከ ጳጉሜን 2 ከከተማዋ በስተሰሜን የምትቆየው 155 ቀን ያህል ነው፤ በስተደቡብ የምትቆየው 210 ቀን ያህል። አጭሩ እፎይታ የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ነው። ረጅሙና እውነተኛው በጋ ከኅዳር ማለቂያ እስከ የካቲት ይዘልቃል። ሹፌሩ "መመለሱ ነው" ሲል የተናገረው ይህንኑ ነው። ያየሁት ዝናብ በሚያዝያ ወደ ሰሜን ያለፈው መወርወሪያ ዞሮ ሲመጣ ነበር።

ምሳሌ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። የሸማኔ መወርወሪያ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የዝናብ መቀነት ግን ተራራ ያደናቅፈዋል፣ ነፋስ ያጣምመዋል፣ የባሕሩ ሙቀት ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል። ፓስፊክ ውቅያኖስ ያለልክ በሚሞቅበት ዓመት፣ ኤልኒኞ በሚባለው ጊዜ፣ የሰሜኑ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል፤ የደቡቡ የመከር ዝናብ ግን ብዙ ጊዜ ይበረታል። በአንድ ዓመት ውስጥ ወሎ ደርቆ ቦረና በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ሰው "ምን ዓይነት ዘመን ነው" ይላል። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደቡብ ኢትዮጵያንና ጎረቤት አገሮችን ያጥለቀለቀው ዝናብ ከዚህ ዓይነቱ ነው።

ሙዝና አፕል

ወቅትን የሚቀይረው ግን ጊዜ ብቻ አይደለም። ከአርባ ምንጭ ተነሥታችሁ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ብትወጡ ጨንቻ ትደርሳላችሁ። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ጨንቻ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ታች ላንቴና ጫኖ ላይ ሰው በቀጭን ሸሚዝ ሙዝ ይጭናል፤ ላይ ጨንቻ ላይ ጋቢ ደርቦ አፕል ይለቅማል። የአፕል ዛፍ ከሚስዮናውያን ጋር ወደ ጨንቻ የገባ እንግዳ ነው፤ የሚመቸው ብርድ ነው። ቅዝቃዜ ካላገኘ በደንብ አያብብም። ሙዝ ደግሞ ያንኑ ብርድ ይፈራል። ሁለቱ በአንድ ዞን፣ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ያህል ተራርቀው፣ አንዱ የሌላውን ወቅት ሳያውቅ ይኖራሉ።

ምክንያቱን በመኪና ጎማ ማየት ይቻላል። የተነፋ ጎማ ሲተነፍስ ከቀዳዳው የሚወጣው አየር ጣት ያቀዘቅዛል። የታመቀ አየር ሲለቀቅና ሲሰፋ ሙቀቱን ያጣል። ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ተራራ የሚወጣ አየርም ሽቅብ በሄደ ቁጥር የሚጫነው ስለሚቀንስ ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በለጥ ያለ ይቀንሳል። ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ ሒሳቡ 9 ዲግሪ ገደማ ይመጣል። የቀዘቀዘ አየር ደግሞ እርጥበቱን መሸከም ያቅተዋል፤ ስለዚህ ከአንዱ ደመና ደጋው ጠግቦ ሲጠጣ ቆላው ይቀምሳል።

በሐምሌ ወደዚያ የሄደ ሰው ይህን በዓይኑ ያያል። ከከተማዋ ሴቻ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ሲል የጨንቻ ተራራ ጭጋግ ተከናንቧል፤ ያለበት ከተማ ግን ሰማዩ ክፍት፣ መንገዱ ደረቅ፣ ነፋሱ ለብ ያለ ነው። ለኔ ሐምሌ ያልተዘመረለት የአርባ ምንጭ ወር ነው። አዲስ አበባ በዝናብ ታፍኖ ያለ ሰው እዚህ ወርዶ አጥንቱን ቢያሞቅ ይጠቀማል። ጎብኚው ግን በዚያ ወር ባዶውን ጀልባ አልፎ ይሄዳል፤ ሁሉም መስከረምን ይጠብቃል።

ያው ደጋ በዚያው ወር አደገኛም ነው። ሊጥ ውሃ ሲበዛበት ከቡሖ ዕቃው ጎን ላይ እንደሚንሸራተት፣ ቁልቁለት ላይ ያለ አፈርም ውሃ ሲጠግብ መያዣውን ይለቃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ የተናደው ተራራ ከ200 በላይ ሰዎችን ቀብሯል። ከእነሱ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። በዝናብ ወር ደጋ የምትወጡ ከሆነ የአገሩ ሰው "ዛሬ ይቅርብዎ" ሲላችሁ አትከራከሩ።

ደጋው ላይ ወቅት የማይገዛው አንድ ተክል አለ፤ እንሰት ነው። ስንዴና ገብስ ወር አላቸው፣ እንሰት ግን የአዝመራ ወር የለውም። ዓመታት ቆሞ ይቆያል፣ ግንዱ ውስጥ ውሃና ምግብ ያከማቻል፣ ቤቱ ሲቸግረው ባለቤቱ ይቆርጠዋል። ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ የተብላላው ቆጮም ለወራት ይቀመጣል። የዶርዜ ቤት እንኳ ከቀርከሃ ተሸምኖ የእንሰት ቅጠል ይለብሳል። ሲያረጅ ምስጥ ከግርጌው እየበላው ቤቱ በየዓመቱ ያጥራል፤ ቦታው ካልተመቸ ደግሞ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይተከላል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በጋ የአዞ ነው

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሸለቆው ይደርቃል፣ ሙቀቱም ወደ የካቲትና መጋቢት እየጠነከረ ይሄዳል። የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ስሙን የሚያስከብረው በዚህ ጊዜ ነው። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ፓርክ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ሜዳው በዝናብ ወራት እንደማንኛውም ሜዳ አረንጓዴ ነው፤ በበጋ ሣሩ ነጥቶ ከሩቅ በረዶ የጣለ ይመስላል፣ የሜዳ አህዮቹም በነጩ ላይ ጎልተው ይታያሉ። መንገዱ ሸካራ ስለሆነ በዝናብ ጊዜ መኪና ባይሞክረው ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች በዚህ ሜዳ መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አግኝተው አንድ ክንፏን ይዘው ሄዱ። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያች ክንፍ ብቻ አዲስ የወፍ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች፤ የሳይንስ ስሟም "ብቸኛ ክንፍ" እንደማለት ነው። ክንፏ ወፍ ሆና ስትመዘገብ ወፏ ግን ገና በእጅ አልገባችም ነበር።

ዋናው የበጋ ትርኢት ግን ጫሞ ሐይቅ ላይ ነው። ኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት አካባቢ "የአዞ ገበያ" የሚባል ዳርቻ አለ። ሻጭም ገዢም የለበትም፤ ሥጋው ራሱ ፀሐይ ላይ ተኝቶ ገበያተኛውን ይጠብቃል። አዞ ሙቀቱን ከውስጡ ማመንጨት አይችልም፣ ከውጭ ይበደራል። ጠዋት ዳር ወጥቶ እንደ ሶላር ፓኔል ይዘረጋል። ደመና በሌለበት የበጋ ጠዋት የሄደ ሰው ለዚህ ነው ብዙ አዞ የሚያየው።

አዞዋም የዝናቡን መመላለስ የምታውቅ ይመስላል። እንቁላሏን የምትቀብረው በበጋ፣ ውሃው ሸሽቶ አሸዋው ሲደርቅ ነው። ሦስት ወር ያህል ይቆያል። ጫጩቶቹ የሚፈለፈሉት የበልጉ ዝናብ ደርሶ ዳርቻው በነፍሳትና በትናንሽ እንስሳት ሲሞላ ነው። ቀድማ ብትጥል ያለፈው ዝናብ ጎርፍ ጎጆዋን ይወስደዋል፣ ዘግይታ ብትጥል መጪው ያጥለቀልቀዋል። በሁለት ዝናብ መካከል ያለውን ክፍተት ለክታ ነው የምትሠራው። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በአባያ ሐይቅ ዳር የሚገኘው የአዞ እርባታ ጣቢያም ሥራው በዚሁ ቀመር ይሄዳል። ሌላ የሚገርም ነገር፣ የአዞ ጫጩት ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በጎጆው ሙቀት ነው። መካከለኛው ሙቀት ወንድ ይሰጣል፤ ከዚያ ሲቀዘቅዝም ሲግልም ሴት ይበዛል።

ሐይቁ ቀለሙን ከየት አመጣ

በሚያዝያ ዝናቡ ሲጥል ሁለቱን ሐይቆች ከላይ የሚያይ ሰው አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። በመካከላቸው "የእግዜር ድልድይ" የሚባለው ጠባብ መሬት ብቻ እያለ ጫሞ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ አባያ ለምን ቡናማ ቀይ ሆነ?

ቡና ሲቀዳ ሻካራው አተላ ከታች ይቀራል፤ በጣም የላመው ዱቄት ግን ስኒው ውስጥ እየዋለለ ይቆያል። ወደ አባያ ከሲዳማና ከጌዴኦ በኩል ጊዳቦና ገላና፣ ከሰሜን ብላቴ፣ ከጋሞ ተራራ ሐሬና ባሶ ይገባሉ። እያንዳንዳቸው የታረሰ ቁልቁለት አፈር ተሸክመው ነው የሚመጡት። ከዚያ ውስጥ በጣም የላመው ሸክላ ለመስከን ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። አባያ ደግሞ ለመስከን አይመቸውም፤ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ጥልቀቱ በጣም በጠለቀበት 13 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰፊ ትሪ ላይ ትንሽ ውሃ አድርጋችሁ እፍ በሉበት፤ ሁሉም ይናወጣል። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ አባያን እንዲሁ ያማስለዋል። ለዚህም ነው ቀለሙ በበጋም የማይለቀው። በዝናብ ጊዜ የሚለወጠው በወንዞቹ መግቢያ ላይ የሚታየው ደማቅ ምላስ ብቻ ነው።

አባያ ከጫሞ በ60 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሐይቅ ነው። ውሃ በሞላበት ዓመት ትርፉ በኩልፎ ግርጌ በኩል ወደ ጫሞ ይፈስሳል፤ ጫሞም ሲሞላ ትርፉን ለሰገን ወንዝ ያቀብላል፣ ሰገንም ወደ ጨው ባሕር። በአዘቦት ዓመት ግን የሚገባው ውሃ የሚወጣው በፀሐይ ነው፤ ይተናል። ስለዚህ ሐይቁ የዝናቡን ቀን አይመዘግብም፣ የዓመታትን ድምር እንጂ። ዳርቻው ሲገፋና ሲሸሽ ያየ ዓሣ አጥማጅ ስለ ትናንት ዝናብ ሳይሆን ስለ ብዙ ዓመት ዝናብ ይነግራችኋል።

መስቀል በዝናብ ውስጥ

አሁን ጫማዬ ወደ ቀረበት ወር እንመለስ። ለአማርኛ አንባቢ መስከረም ማለት ዝናብ አልቆ ብርሃን የሚመጣበት ነው፤ የምንዘፍነውም የምንጽፈውም እንዲያ ነው። ይህ የሰሜኑና የመካከሉ አገር ምስል ነው። ጋሞ ላይ የመስቀል ደመራ ሲበራ ሁለተኛው ዝናብ ገና እየተጠናከረ ነው። ዘንድሮ ስንት ጊዜ ይዘንባል ብሎ የሚሰጋ ግን የለም፤ ምክንያቱም "ዮ ማስቃላ" የዓመቱ ትልቅ በዓል ነው። በማኅበር የተገዛ በሬ ይታረዳል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ ሽሮ ሜዳ ሲሸምን የከረመው የዶርዜ ልጅ አገሩ ይገባል። የአዲስ አበባ ሸማኔ ቤቶች በዚያ ሰሞን ጸጥ ይላሉ። ሸማኔው ራሱ በዓመት አንዴ እንደሚወረወርና እንደሚመለስ መወርወሪያ ነው።

በዝናብ ወር ሣር እርጥብ ነው፤ ጋሞ ላይ እርጥብ ሣር ደግሞ ከሣርነት ያለፈ ነገር ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ መድረሱ ተሰምቶ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ሲነሣ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱ ሣሩን ረግጦ አላለፈም። ያ ቀን የዋለው ምድሩ ሁሉ ለምልሞ በነበረበት ሰሞን ነው።

ምንጮቹ ወቅት አያውቁም

የቀረን ስሟ ነው። ከተማዋ በ1950ዎቹ ውስጥ ከጨንቻ የጠቅላይ ግዛቱን መቀመጫነት ስትቀበል ስሟን ያገኘችው ከግርጌዋ ደን ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። በየካቲት፣ ሜዳው ነጥቶ ተራራው ቢጫ ሲሆን፣ ወደዚያ ደን ብትወርዱ ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል። ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ፣ መሬቱ ርጥብ፣ ውሃው ከድንጋይ ሥር እየፈላ ይወጣል። የከተማዋ ሰው የሚጠጣውም ከዚሁ ነው።

ይህ ውሃ በየካቲት ከየት መጣ? እቁብ የጣለ ሰው መልሱን ያውቃል። ሁሉም በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ያስቀምጣል፤ አንዱ ተራው ሲደርስ ጠቅለል አድርጎ ያነሣል፣ ያን ቀን ግን ማንም በእጁ ገንዘብ ይዞ ላይታይ ይችላል። በሚያዝያም በጥቅምትም ደጋው ላይ የወረደው ዝናብ ሁሉ ወደ ወንዝ አይገባም። አንዱ ክፍል በእንሰቱና በቀርከሃው ሥር ቀስ ብሎ ይሰርጋል፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ይወርዳል፣ መሬቱ በተሰበረበት በሸለቆው ጠርዝ ግርጌ መውጫ ያገኛል። ጉዞው ዝግ ያለ ነው፤ ሁለቱ ዝናቦች መንገድ ላይ ተቀላቅለው አንድ ይሆናሉ፣ ምንጩም ዓመቱን ሙሉ ይፈስሳል። እቁብ ግን ጣይ ከሌለው አይወጣም። ደጋው ሲመነጠር ዝናቡ ሳይሰርግ በጎርፍ ይወርድና አፈሩን ይዞ አባያ ይገባል።

የመጀመሪያው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩታችን በ1979 ዓ.ም. የተተከለው እዚሁ ነው፤ የዛሬው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1996 ዓ.ም. ከእሱ አደገ። ቦታውን የመረጠው ሰው ተሳሳተ አልልም።

ለጠያቂዬ የምመልሰው እንግዲህ ይህ ነው። አዞና ነጭ ሜዳ ከሆነ ፍላጎትህ ታኅሣሥና ጥር ሂድ። ዶርዜን በበዓሏ ማየት ከፈለግህ መስከረም ሂድ፤ ግን የጎማ ጫማ ያዝ። ሰው ሳይበዛብህ መሞቅ ካሻህ ሐምሌ። ይህን ምዕራፍ ማመን ካቃተህ ደግሞ መጋቢት 27 ወይም ጳጉሜን 2 ሂድና ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ቀጥ ያለ እንጨት መሬት ላይ ትከል። ደመና ካልከለለህ ጥላ አታገኝም።